አርባ ሦስቱ ጥሪዎች

የሥራ ባልደረቦቹ «ቧንቧው» ይሉታል። ስሙ የወጣለት በክፋት አልነበረም። አንድ ጊዜ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ሥራውን ቢጠይቀው፣ «በአደጋ ጥሪ ማዕከል ውስጥ መልእክት ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ሲፈስ እንዳይቋረጥ የምጠብቅ ባለሙያ ነኝ» ማለት ረዝሞበት «ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ» ብሎ ተገላገለ። ሰውዬው ለካ ከእሱ ቤት ሦስት በር ዝቅ ብሎ የሚኖር ጎረቤት ኖሯል። በሳምንቱ የዕቃ ማጠቢያችን ያፈስሳል ብሎ በሩን አንኳኳ። እምቢ ማለት አፍሮ ሄደ፣ ነካካው፣ ወጥ ቤቱን በውኃ አጥለቅልቆ ተመለሰ። የገዛ ባለቤቱ ይህን ለሥራ ባልደረቦቹ እየሳቀች አወራችላቸው፤ ከዚያ ወዲያ የመዝገብ ስሙን የሚጠራው ጠፋ።

ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ቀጠን ያለ፣ ትከሻው ወደ ፊት ያዘነበለ፣ ሲያናግሩት ቀኝ ጎኑን የሚያዞር ሰው። ግራ ጆሮው አይሰማም። ያደነቆረው አባቱ ነው። አባቱ ከብት በማረድ ይተዳደር ነበርና፣ ወደ ቤት ሲመለስ እጁን ቢታጠብም ክንዱ ገና ከሥራ አልወጣም ነበር። ልጁ በዘጠኝ ዓመቱ ብርጭቆ ሰበረ፤ አንድ ጥፊ ወረደበት፤ ከግድግዳው ሥር ሲነሣ በግራ በኩል ዓለም ጸጥ ብሎ ጠበቀው። እናቱ ከጆሮው የሚወርደውን ደም በጨርቅ እየጠረገች «አባትህ እኮ ይወድሃል» አለችው። እሱም አመናት። ዛሬ ሲያስበው ከጥፊው ይልቅ የሚያመው ማመኑ ነው።

ያን ቀን ማንም ሳይሰማው ለራሱ ማለ፤ በሰው ላይ እጁን ላያነሣ። የሰፈር ጉልበተኛ የፊት ጥርሱን ሲያወልቀው አልመታም። በዩኒቨርሲቲ ዘመኑ በተማሪዎች ረብሻ መካከል የፖሊስ ዱላ የትከሻውን አጥንት ሲሰብረው ጠጠር አላነሣም። ባለቤቱ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ናት። «አንተ እኮ ሰው አይደለህም፣ ትራስ ነህ» ትለዋለች። ቀኑን ሙሉ የተፈነከተና የተወጋ ስታይ ለምትውል ሴት ግን ማታ ከትራስ ጋር መተኛት የሚጠላ ነገር አይደለም።

ማዕከሉ ውስጥ ያለው ሥራ እንዲህ ነበር። በአንድ ሰፊ ክፍል ውስጥ ሠላሳ ሰዎች የጆሮ ማዳመጫ አድርገው የአደጋ ጥሪ ይቀበላሉ፤ የሰሙትን ይጽፋሉ፤ የጻፉት መልእክት ከተማዋ ከተከፈለችባቸው ስድስት መስመሮች በአንዱ ላይ ተሰልፎ ወደ አምቡላንስ ጣቢያ ይሄዳል። እያንዳንዱ መልእክት ተራ ቁጥር አለው። የጣቢያው ኮምፒውተር በጽሑፍ ላይ ጣቱን እያስኬደ እንደሚያነብ ሰው ነው፤ አንዱን ሲጨርስ ጣቱን ወደ ቀጣዩ ያሳልፋል። የተነበበውም ቢሆን አይጠፋም፤ ሰባት ቀን እዚያው ይቀመጣል። ጣቶቹ የት እንደደረሱ ማየት፣ አንዱም እንዳይቆም መጠበቅ፣ የቧንቧው እንጀራ ይህ ነበር።

ይህን የሚያይበት ባለ ሥዕል ገጽ ነበረው። ስድስት መስመሮች፣ በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ ሳይነበቡ የሚጠብቁት መልእክቶች ብዛት፤ ሲያንስ አረንጓዴ፣ ሲበዛ ቀይ። ከቁጥሩ ሥር አንድ ቁልፍ አለ፤ «ወደ መጨረሻ» ይላል። ቁልፉ ሲነካ ጣቱ ካለበት ተነሥቶ መስመሩ ጫፍ ላይ ያርፋል፤ በመካከል ያለው ሳይነበብ ይታለፋል። ነገሩ የተጀመረው ለበጎ ነበር። ሌሊት ባለሙያዎች ለሙከራ የሚልኳቸው የውሸት መልእክቶች ስለሚከማቹ ጠዋት ጠዋት ይዘለሉ ነበር። ኀላፊያቸው ደግሞ የጠዋት ሪፖርቱ ላይ ከዜሮ ሌላ ማየት የማይወድ ሰው ነው። ቀስ በቀስ ቀይ ያየ እጅ ሁሉ ምን እንዳለበት ሳያይ ወደ ቁልፉ መሄድ ለመደ።

የተቃወመች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ጡረታዋ የደረሰ መሐንዲስ ናት፤ ሁሉም «እቴቴ» ይሏታል። እሷ ሥዕላዊውን ገጽ አትነካም፤ በጥቁር መስኮት ላይ ቃል በቃል እየጻፉ የሚያዙት መሣሪያ ነበራት። «ይህ ዜሮ ውሸት ነው» ብላ በስብሰባ መካከል ተናገረች። ኀላፊው በሳምንቱ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው የአሮጌ ፋይሎች ሕንፃ አዛወራት፤ መሣሪያዋንም ከማሽኖቹ ሁሉ ላይ አስጠፋው፤ እሷ ግን ቅጂውን በቦርሳዋ ይዛ ወጣች። ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ሰው በጽሑፍ የሚያዝ ከሆነ በአንዲት ቃል ስሕተት ከተማ ያጠፋል አለ። ቧንቧው በዚያ ስብሰባ ላይ ነበር። እቴቴ ልክ እንደሆነች ያውቅ ነበር። ውኃውን እየጠጣ ብርጭቆውን ሲያይ ቆየ።

የአውቶቡስ ነጂዎች ሥራ ባቆሙ በሁለተኛው ቀን ነገሩ ፈነዳ። ጠዋት በአራተኛው መስመር ክልል ባለው የአውቶቡስ ማደሪያ ግቢ፣ አድማውን ጥሶ መኪና ያስነሣ ነጂ ከመሪው ላይ ተጎትቶ ወረደና በመፍቻ ተቀጥቅጦ ሞተ። ከዚያ የሟቹ ወገኖች መጡ። ከዚያ ፖሊስ መጣ። እኩለ ቀን ላይ ብረት የያዘና ብረት ያጣ ተለይቶ የማይታወቅበት ሆነ። የጥሪው ክፍል እንደ ተነካ የንብ ቀፎ ይጮኻል። ተቀባዮቹ አይተያዩም፤ ይጽፋሉ ብቻ።

ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ የአራተኛው መስመር ጣት ቆመ። አንድ መልእክት ላይ ደርሶ እምቢ አለ፤ ይሞክራል፣ ያቅተዋል፣ እንደገና ይሞክራል፤ በጉሮሮ እንደ ተሰነቀረ አጥንት። ከኋላው የሚሰለፈው እየጨመረ ሄደ፤ ዐሥር፣ ሃያ አምስት፣ አርባ። በትልቁ ግድግዳ ላይ ቁጥሩ ቀልቶ ይታያል። ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡ ሦስት እንግዶች ከኋላው ቆመዋል። ኀላፊው ጎንበስ ብሎ በሚሰማው ጆሮው በኩል፣ ይህን ቀይ ነገር ከፊቴ አጥፋልኝ አለው።

ቧንቧው ቁልፉን ነካ። አርባ አራት የነበረው ዜሮ ሆነ። ስድስት ሰዓት ከአርባ ነበር። ከእንግዶቹ አንዱ አጨበጨበ።

ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ ባለቤቱ በመሥሪያ ቤቱ ስልክ ደወለች። ድምፅዋ ደክሟል። ከሁሉም ሰፈር የተሰበረ ሰው እየመጣ መሆኑን፣ የሚያስተኙበት አልጋ አልቆ መሬት ላይ እያስተኙ መሆናቸውን ነገረችው። ከዚያ አንድ ነገር ግራ እንደገባት ጠየቀችው።

«አራተኛዎቹ ሰላም ሆኑ እንዴ? ግድያው የተጀመረው እነሱ ጋ አይደለም? ከግማሽ ሰዓት በላይ አንድ ሰው አልመጣልንም።»

ስልኩን አስቀመጠ። ወደ ጥሪው ክፍል ሄዶ የአራተኛውን ክልል ከሚቀበሉት አንዷን፣ ባለ መነጽሯን፣ ትከሻዋን ነካት። ጥሪ አለ ወይ አላት። ሞልቷል አለችው፤ ግን ሁሉም የድሮዎቹ ናቸው፤ ደጋግመው ነው የሚደውሉት። አድራሻው አስቀድሞ ከተመዘገበ ኮምፒውተሩ ሁለተኛ አይልክም፤ ደንቡ ይህ ነው። ስለዚህ «ተመዝግቧል፣ መኪናው መንገድ ላይ ነው» እያለች ትመልሳቸዋለች። አንድ ዳቦ ጋጋሪ ለሦስተኛ ጊዜ ደውሎ እያለቀሰ እንደ ሰደባት ነገረችው።

የዘለለው የሙከራ መልእክት አልነበረም። አርባ ሦስት ሰዎች፣ እንደ አጥንት የተሰነቀረውን አንዱን ጨምሮ አርባ አራት፣ መኪና እየመጣላችሁ ነው ተብለው ደማቸው እየፈሰሰ ይጠብቃሉ፤ ወደ እነሱ የሚሄድ መኪና ግን የለም። የተቀባዮቹ ገጽ አንዴ ከላኩ በኋላ ስለሚጸዳ አድራሻዎቹን ማንም አያስታውሳቸውም። ሥዕላዊው ገጽ ወደፊት እንጂ ወደ ኋላ መሄጃ የለውም። መልእክቶቹ ግን መስመሩ ላይ አሉ። ጣቱን ወደ ኋላ የሚመልስ አንድ መሣሪያ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም መንገድ ማዶ፣ በእቴቴ ቦርሳ ውስጥ።

በሩ ላይ ጥበቃው አትወጣም አለው። ገፍቶት ወጣ።

መንገዱ ስድሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ሌላ ቀን ሻይ ለመጠጣት የሚሻገሩት መንገድ ነው። አንድ አውቶቡስ በጎኑ ተጋድሞ ይነድዳል፤ የጎማው ጭስ ዓይን ያቃጥላል። ከጭሱ ውስጥ ሰዎች እየሮጡ ይወጣሉ፤ የሚያሳድዱትና የሚሳደዱት አንድ ዓይነት ሸሚዝ ለብሰዋል። ዐሥር እርምጃ ሳይሄድ ከግራ፣ ከማይሰማበት በኩል፣ አንድ ነገር ጎኑን መታው። ብረት ይሁን እንጨት አላየም። በአንድ ጉልበቱ ወረደ። የመታው ሰውዬ ከላዩ ቆሞ «የማን ነህ?» ይለዋል። የማን እንደሆነ ማሰብ አቃተው። «ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ» አለ። ሰውዬው ትንሽ አየውና ወደ ሌላ ሮጠ።

መሐል መንገድ ላይ አንድ የነጂ ልብስ የለበሰ ሽማግሌ ተኝቷል። ሁለት ወጣቶች ጭንቅላቱን ይረግጡት ነበር፤ ፖሊስ ሲተኩስ ተበተኑ። ቧንቧው በአጠገቡ ሲያልፍ የሽማግሌው እጅ ቁርጭምጭሚቱን ያዘው። አጥብቆ ነው የያዘው። ፊቱ ፊት አልነበረም፤ ከደሙ መካከል አንድ ዓይን ብቻ ያያል። ቧንቧው ቆመ። አርባ ሦስት ብሎ አሰበ። ጎንበስ ብሎ ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈለቀቃቸውና ሄደ። ስለዚያ ቀን ብዙ ነገር አውርቷል፤ ስለእነዚያ ጣቶች ግን ለባለቤቱ እንኳ የነገራት ከዓመታት በኋላ ነው።

እቴቴ ከፋይል መደርደሪያዎቹ መካከል ተቀምጣ ነበር፤ የመስኮቱ መስታወት ረግፎ ጠረጴዛዋ ላይ ተበትኗል። ትንፋሹ እየተቆራረጠ የሆነውን ነገራት። እስኪጨርስ አዳመጠችው።

«ዘለልካቸው?»

«ዘለልኳቸው፣ እቴቴ።»

«በዚያ ስብሰባ ላይ አፍህን በውኃ ሞልተህ እንዳላየሁህ አይምሰልህ» አለችውና ከቦርሳዋ አንዲት ፍላሽ አወጣች። ስጪኝ ብሎ እጁን ቢዘረጋ አልሰጠችውም። ብቻህን አታውቅበትም፣ ለሥዕል የለመደ እጅ ጽሑፍ ያስፈራዋል ብላ ነጠላ ጫማዋን በሸራ ጫማ ለወጠች። ጃኬቱን ከጀርባው ይዛ ተከተለችው። ሲመለሱ በሩ ላይ ሊደርሱ አምስት እርምጃ ሲቀራቸው ከላይ የመጣ ድንጋይ ግንባሯ ላይ አረፈ። ድምፁን በደህና ጆሮው ሰማው፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ዓይነት። አልወደቀችም። የራሷን ሻርፕ በግንባሯ ላይ ጠምጥማ «ግባ፣ ምን ይገትርሃል» አለችው።

ሰባት ሰዓት ከሃያ ሆኗል። ማሽኑ ፊት ተቀመጠ፤ እሷ በቀኙ ሆነች። ፋይሉን ከፍላሹ ገለበጠው፣ ፈታው፣ ጠራው። ጥቁሩ መስኮት ፈቃድ የለህም አለው። እቴቴ ፈቃዱን የሚሰጠውን ትእዛዝ ፊደል በፊደል ነገረችው። እንደገና ጠራው። አሁን ደግሞ የሚሠራበት ሌላ ፕሮግራም ማሽኑ ላይ የለም አለ። እሱንም ይዛ ነበር፤ ተጫነ። ከዚያ የዋናውን ሰርቨር አድራሻ መጻፍ ነበረበት፤ ነጥብ በሚገባበት ቦታ ሰረዝ አስገባ። መስኮቱ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ «አልተገኘም» አለ። ከእቴቴ ግንባር የወረደ ደም በቁልፍ ሰሌዳው ላይ ጠብ ጠብ ይላል።

«ደሜን ትተህ ፊደሉን እይ» አለችው።

አስተካከለው። ስድስቱ መስመሮች በነጭ ጽሑፍ ተዘርዝረው ወጡ። በአራተኛው አጠገብ ጣቱ ያለበት ቁጥር ተጽፏል፤ ከዚያ ወደ ኋላ ቆጥረው አጥንቱን አገኙት። ሰማንያ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰባት። እቴቴ ክፈተው፣ ምን እንደሆነ እንይ አለች። ከፈተው። መስኮቱ ሞላ፣ ተንከባለለ፣ እንደገና ሞላ።

የባለ መነጽሯ ጽሑፍ ነበር። ከማደሪያ ግቢው የቲኬት ክፍል አንዲት ሴት ደውላ፣ ከጠረጴዛ ሥር ተደብቃ፣ ስልኩን አልዘጋም ብላለች። ባለ መነጽሯም የሰማችውን ሁሉ ጽፋዋለች፤ በሩ ሲገነጠል፣ ሰዎቹ ስንት እንደሆኑ፣ ሴትየዋ ማንን በስሙ እንደለመነች፣ የመጀመሪያውን ምት፣ ሁለተኛውን፣ ዐሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ፣ እስከ መጨረሻው ትንፋሽ ድረስ። ምት በምት። መልእክቱ ስለረዘመ የጣቢያው ኮምፒውተር ሊውጠው አልቻለም ነበር። ቧንቧው ግማሹን አንብቦ አፉን ያዘ። እቴቴ በሬዲዮ ለጣቢያው የቲኬት ክፍሉን ነገረቻቸው፤ አርባ ሦስቱንም በዚሁ ማንበብ ይቻል ይሆን ብለው ነበር፣ ነገር ግን ሬዲዮው ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚጮኽ ይህን አንዱን ለማስተላለፍ እንኳ አራት ጊዜ መድገም ነበረባት።

ጣቱን ከአጥንቱ ቀጥሎ ወዳለው ቁጥር እንዲመልስ ትእዛዙን ጻፈ። መሣሪያው እምቢ አለ። የጣቢያው አንባቢ ሥራ ላይ እያለ ጣቱን ማንቀሳቀስ አይቻልም፤ መጀመሪያ ጣቢያው መቆም አለበት። ለሁለት ለሦስት ደቂቃ የአራተኛው መስመር ጨርሶ ይጨልማል ማለት ነው።

ኀላፊው ይህን የሰማው ያኔ ነው። እንግዶቹ እዚያ ቆመው፣ ከተማው እየነደደ፣ በገዛ እጃችን አንድ ጣቢያ ልናቆም? አይሆንም አለ። የተባረረች አሮጊት እዚህ ምን ትሠራለች አለ። ቧንቧው ለማስረዳት ሞከረ፤ አርባ ሦስት ሰዎች እንዳሉ፣ የዘለላቸው እሱ እንደሆነ። ኀላፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያለፈ አልፏል፤ ቁጥሩ ዜሮ ነው» አለና የማሽኑን ገመድ ሊነቅል ጎንበስ አለ።

ቧንቧው መታው። ማሰቡን አያስታውስም። አርባ ሦስት ዓመት የታጠፈ ክንድ ተዘረጋና ቡጢው አፍንጫው ላይ አረፈ፤ የአጥንቱ መሰበር በጣቶቹ ተሰማው። ኀላፊው ወንበር ይዞ ወደቀ። ሊነሣ ሲል ሸሚዙን አንገቱ ላይ ጨምድዶ ከግድግዳው ጋር አጋጨው፤ አንዴ፣ ደግሞም አንዴ፤ ሁለተኛው አያስፈልግም ነበር። ክንዱ መንገዱን ያውቀዋል፤ ማን እንዳስተማረው ያውቃል። ያስደነገጠው ይህ ነው። እንግዶቹ ወደ በሩ አፈገፈጉ። ሠላሳው ጥሪ ተቀባይ ቀና ብሎ አየና መጻፉን ቀጠለ።

እቴቴ ከመስኮቱ ላይ ዓይኗን አላነሣችም። «ስትጨርስ ና» አለችው።

ጣቢያውን አቆሙ። ትእዛዙን እንደገና ጻፈ። መስኮቱ የአሁኑን ቁጥርና የሚመለስበትን ቁጥር ጎን ለጎን አሳየ። ቧንቧው ተመስገን ብሎ ወደ ኋላ ተደገፈ።

«ገና ነው» አለችው። «ይህ መሣሪያ እንደ ሽማግሌ ነው። ሊያደርግ ያሰበውን አስቀድሞ ይነግርሃል፤ አድርግ ካላልከው አያደርግም። ያ ቁልፍህ ነው እንደ ሰካራም ሳይጠይቅ የሚወረውረው። ቁጥሩን አንብበው። ጮክ ብለህ።»

«ሰማንያ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስምንት።»

«በል አሁን አድርግ በለው።»

የመጨረሻዋን ቃል ጨመረ። መስኮቱ በአንድ መስመር መለሰ። ጣቢያውን አስነሡ። ሰባት ሰዓት ከሠላሳ አራት ላይ በአራተኛው መስመር ጫፍ ላይ ሃምሳ የሚል ቀይ ቁጥር ታየ፤ አርባ ሦስቱ፣ ከዚያ ወዲህ የመጡትም ሰባት። አርባ ስምንት፣ አርባ አንድ፣ ሠላሳ። ቁጥሩ እስከ ዜሮ ወረደ። ሲያልቅ እቴቴ ጭንቅላቷን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ፣ አሁን ሐኪም ጥሩልኝ አለች።

ዐሥር ሰዓት ላይ ሆስፒታል ሄደ። ኀላፊው አፍንጫውን በጥጥ ደፍኖ ሁለት ጊዜ ደውሎለት ነበር። ድብደባውን እተውልሃለሁ ብሎታል፤ አንተም መዝለልህን ትተወዋለህ፤ ማንም አላወቀም፣ ሁከት ነበር፣ መኪና ዘገየ፣ አለቀ። ቧንቧው ከመውጣቱ በፊት ግን አርባ ሦስቱን መልእክቶች አትሞ፣ አጣጥፎ ኪሱ ከትቷቸዋል።

ባለቤቱን በኮሪደሩ መጨረሻ አገኛት፤ ጓንቷን ሳታወልቅ ውኃ ትጠጣለች። ጎኑን ስትነካው ጮኸ። ሁለት የጎድን አጥንትህ ሄዷል፣ ትራሴን ማን አፈነዳብኝ አለችው፤ ሊስቅ ሞክሮ አመመው። ቁልፉን ነክቶ አርባ ሦስት ጥሪ እንደ ዘለለ ነገራት፤ ከአራተኛው ስንት እንደመጡም ጠየቃት። ቆጥራቸዋለች፤ ሠላሳ አራቱ በሕይወት ናቸው። ዘጠኙ አይደሉም። ከዘጠኙ ስንቱ ቀድሞ ቢደረስለት ይድን እንደነበር ሊጠይቃት አፉን ሲከፍት እጇን አፉ ላይ አደረገች።

«አትጠይቀኝ። እኔንም አንተንም አይጠቅምም።»

ግን አንዱን ሳትወድ ነገረችው። እዚያ አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ዳቦ ጋጋሪ ነው። ታናሽ ወንድሙ በሱቁ በር ላይ ጭኑን በገጀራ ተመትቶ ደሙ ፈስሶ አለቀ። ሰውዬው ከመጣ ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ይላል፤ መጀመሪያ የሱቁን መዝጊያ ዘጋሁ፣ ከዚያ ደወልኩ፤ ለዳቦ ብዬ ወንድሜን ገደልኩት። ላገኘው ሁሉ ይናገራል። ለጽዳት ሠራተኛዋም ነግሯታል።

ቧንቧው ወረቀቶቹን አውጥቶ አንዱን መዘዘ። ዐሥራ ሰባተኛው ነበር። ዳቦ ቤት፣ ከማደሪያው ግቢ በስተግራ፣ አንድ ሰው፣ ጭን፣ ብዙ ደም። ስድስት ሰዓት ከሠላሳ አንድ። ባለቤቱ ፊቱን አየችና ምን ሊያደርግ እንደሆነ ገባት። ክንዱን ያዘችው። ዛሬ አይደለም አለችው፤ ሌላ ቀን፣ በጠበቃ፣ በደብዳቤ። ሰውዬው ዛሬ ሰው አይደለም፤ ይገድልሃል።

«ዛሬ ካልነገርኩት ነገ እንደ ገዳይ ሆኖ ነው የሚነቃው» አላት።

ሄዶ ፊት ለፊቱ ቆመ። ጋጋሪው ትልቅ ሰው ነው፤ ክንዱ ላይ ዱቄቱና ደሙ አንድ ላይ ደርቋል። ሳይጠየቅ ጀመረ። መጀመሪያ መዝጊያውን፣ አለ።

«አይደለም» አለው ቧንቧው። «በስድስት ሰዓት ከሠላሳ አንድ ደውለሃል። ይኸው ተጽፏል። መኪናው ያኔ ተነሥቶ ቢሆን በዐሥር ደቂቃ ይደርስ ነበር። ጥሪህ መስመር ላይ ቆሞ ነበር፤ ሳላነበው አሳለፍኩት። ከሰዓት በላይ ተኝቶ ቆየ። ያዘገየኸው አንተ አይደለህም፤ እኔ ነኝ።»

ጋጋሪው ወረቀቱን አየ። ማንበብ የቻለ አልመሰለም። ከዚያ ተነሣ። የመጀመሪያው ቡጢ አገጩ ላይ፣ ሁለተኛው የተሰበረው ጎኑ ላይ አረፈ። ቧንቧው ከግድግዳው ጋር ተላትሞ ወደቀ። ጋጋሪው በእግሩ ደገመው፤ ሆዱን፣ ትከሻውን፣ እንደገና ሆዱን፤ ሲመታው እንደ ሕፃን ያለቅሳል። ጥበቃው ሮጦ መጣ። ባለቤቱ መሐል ልትገባ ስትል ቧንቧው ከመሬት ላይ እጁን ዘርግቶ ቀሚሷን ያዘ።

«ተዪው» አላት። «እባክሽ ተዪው።»

በራሱ ጊዜ ደከመው። ጋጋሪው ጀርባውን በግድግዳው አስደግፎ ከአጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ነርሶች በላያቸው እየተራመዱ አለፉ።

«ስንት ሰዓት ነበር ያልከኝ?»

«ስድስት ሰዓት ከሠላሳ አንድ።»

«ወንድሜ የተመታው ስድስት ከሠላሳ ላይ ነው። ሬዲዮው ሰዓት ሲናገር ሰምቻለሁ።» ጋጋሪው እጆቹን አየ። «አንድ ደቂቃ ነዋ።»

«አንድ ደቂቃ ነው። አልዘገየህም።»

ጋጋሪው ወረቀቱን ከመሬት አነሣና በጉልበቱ ላይ ዘረጋው፤ አሁን ጣቱን እያስኬደ በየቃሉ አነበበው። ሲጨርስ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

«እናታችን ታች በር ላይ ናት» አለ። «መዝጊያውን ቀድሜ እንደ ዘጋሁ ነግሬያታለሁ። ፊቴን አላየችኝም። ና፣ ለእሷም ንገራት።»

ቧንቧው በግድግዳው ተደግፎ ተነሣ። ባለቤቱ ብብቱ ሥር ገባች። ጋጋሪው ከፊት፣ እነሱ ከኋላ፣ ደረጃውን መውረድ ጀመሩ።